የቤት ውስጥ ቀረጻና የሚዲ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ላፕቶፕ አለ። ምናልባት አንድ ኪቦርድ ወይም ክራር አለ። ዜማውም አለ። የጎደለው ሶፍትዌሩ ነው፤ ስሙ ደግሞ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከጀማሪዎች አፍ የማይጠፉ ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አድልዎ አለበት፤ አልደበቅኩትም።

ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው ነው?

የሚበልጥ የለም። ኩቤዝ፣ ሎጂክ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ሪፐር፦ ሁሉም ድምፅ ይቀዳሉ፣ ሚዲ ይሠራሉ፣ ሚክስ ያደርጋሉ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥነው ያዋህዳሉ)። የተጠናቀቀ ዘፈን ሰምቶ «ይኼ በእከሌ ሶፍትዌር ነው የተሠራው» የሚል ጆሮ የለም። የሚለያዩት በአሠራር፣ በዋጋና በሚሠሩበት ማሽን ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጡት። በመጀመሪያው ወር የምትሠሩት ምንድን ነው? ዋናው ሥራችሁ በማይክ የሚገባ ድምፅ ነው? ማለትም ዘፈን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ጊታር? ወይስ ኪቦርድ እየነካችሁ ከበሮውን፣ ቤዙንና ስትሪንጉን በሚዲ መደርደር ነው የምትፈልጉት? ሁለተኛው ጥያቄ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ማሽን ምንድን ነው? ማክ ከሆነ ጋራዥባንድ። ዊንዶውስ ከሆነ ሪፐር። ስልክ ብቻ ከሆነ ባንድላብ። የቸኮለ ሰው ይህችን ይዞ መሄድ ይችላል።

ሚዲ ሲባል ምን ማለት ነው? ድምፅ ከመቅዳት በምን ይለያል?

ሚዲ ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው መረጃ ነው፦ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል (ከ0 እስከ 127 ይለካል)፣ መቼ ተለቀቀ። ይህን መረጃ ተቀብሎ ድምፅ የሚያወጣው ኪቦርዱ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። ስምምነቱ የመጣው በ1983 ነው። ያኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ኪቦርድና የጃፓኑ ሮላንድ ኪቦርድ በአንድ ገመድ ተያይዘው ታዩ። አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ። ከዚያ በፊት የተለያየ ፋብሪካ ዕቃዎች እንዲህ በቀላሉ አይግባቡም ነበር።

ለጀማሪ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የተሳሳተች አንዲት ኖታ ካለች እሷን ብቻ በማውስ ጎትታችሁ ታስተካክላላችሁ። በፒያኖ የነካችሁትን ወደ ኦርጋን ትቀይራላችሁ። ድምፃዊዋ «ከፍ አለብኝ» ካለች ሙሉውን ቅንብር በአንድ ትእዛዝ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ፋይሉም ጥቂት ኪሎባይት ነው። በማይክ የተቀዳ ድምፅ ግን በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት ሲቀዳ ለአንድ ነጠላ ትራክ (ለብቻው ለተቀዳ አንድ ድምፅ) በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይበላል። ኖታውን ማረም ቢቻልም እንደ ሚዲ አይፍታታም።

በሌላ በኩል የሚዲ ፋይል በሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ድምፁ ሊለወጥ ይችላል። የላካችሁለት ሰው «ይኼ ምንድን ነው? መጫወቻ ይመስላል» ካላችሁ ፋይሉ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የእሱ ማሽን መረጃውን በራሱ ድምፆች እያጫወተው ነው።

ኦዳሲቲ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አይበቃኝም?

ድምፅ ብቻ ለመቅዳት፣ ለመቁረጥና ከካሴት የተገለበጠ ነገር ለማጽዳት ይበቃል። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው። ለሚዲ ግን አይሆንም። ኪቦርድ ሰክታችሁ ከበሮና ቤዝ ለመሥራት ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ሌላ ያዙ።

በነጻ ከሚገኙት የትኞቹ ናቸው የሚያዋጡት?

ጋራዥባንድን ማክ ወይም አይፎን ያለው ሰው ዝም ብሎ ይጀምርበት። አፕል በ2004 ያወጣው ነው። ከበሮው፣ ፒያኖው፣ ቤዙ አብሮት ይመጣል። በኋላ ወደ ሎጂክ ብትሻገሩ ፕሮጀክቶቻችሁ እዚያ ይከፈታሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ተጨማሪ ድምፆቹ ብዙ ጊጋባይት ስለሚጠይቁ ሁሉንም አውርድ የሚለውን ቁልፍ በሞባይል ዳታ እንዳትነኩት።

በዊንዶውስ በኩል ኬክዎክ አለ። ታሪኩ ለማንኛውም ገዢ ትምህርት ነው። ለዓመታት በውድ ሲሸጥ ኖሮ በ2017 መጨረሻ ባለቤቱ ጊብሰን ሥራውን አቆመ። የገዙት ሰዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። በ2018 ባንድላብ ገዛውና በነጻ ለቀቀው። አሁን ደግሞ ሶናር በሚለው ስም እንደገና ወጥቷል፤ ነጻ እትምም አለው። ሙሉ ስቱዲዮ ነው፣ ግን ከበድ ይላል። አካውንት መክፈትና ኢንተርኔት መግባትም ይጠይቃል።

ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ ገደብ የለውም፤ አነስተኛ ማሽንም ላይ ይሮጣል። ኤልኤምኤምኤስ ለቢት (ለከበሮና ለማጀቢያ ምት) ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ድምፅ በማይክ አይቀዳበትም፤ ይህን ሳያውቁ ጭነው የሚናደዱ ብዙ ናቸው። ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ ነጻው እትም 8 የድምፅ ትራክ ብቻ ይሰጣል። ሙዝስኮር ደግሞ ኖታ መጻፊያ ነው፤ ለመዘምራን ወይም ለኖታ ተማሪ ደስ ይላል፣ ለቀረጻ አይደለም።

ሳውንድ ካርድ (ማይክና መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙበት ሳጥን) ወይም የሚዲ ኪቦርድ አዲስ ከገዛችሁ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። ብዙዎቹ የላይቭ ላይት ወይም የኩቤዝ ኤልኢ (የትንንሾቹ እትሞች) ኮድ ይዘው ይመጣሉ። ካርቶኑን ጥላችሁ ኮዱን ያጣችሁ እንደሆነ በምዝገባ ጊዜ በመሣሪያው መለያ ቁጥር የሚሰጡም አሉ።

ሪፐር ነጻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ግን ቅርብ ነው። 60 ቀን ሙሉውን በነጻ ያሠራል። ከዚያ በኋላም አይዘጋም፤ ሲከፈት ጥቂት ሰከንድ አስጠብቆ «ግዙኝ» ይላል። ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ ዋጋው 60 ዶላር ነው። ፈቃዱ በኢሜይል የሚላክ ትንሽ ፋይል ነው። የዶላር መክፈያ ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ሊያግዛችሁ የሚችለው ነገር ነው።

እኔ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ቀድሜ የምለው ይህን ነው። ምክንያቱም መጫኛው 20 ሜጋባይት ግድም ነው፤ ኮኔክሽን በተንቀራፈፈበት ሰዓት እንኳ ይወርዳል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። ጉድለቱ አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለመኖሩ ነው ማለት ይቻላል። ከፍታችሁ ኪቦርድ ስትነኩ ዝም ይላችኋል። ፒያኖውንም ከበሮውንም እናንተ ናችሁ የምታመጡት። ቫይታል እና ሰርጅ የሚባሉት ሲንተሳይዘሮች (ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያዎች) በነጻ ይገኛሉ። ስፎርዛንዶ የሚባለው ደግሞ የሳውንድፎንት ፋይሎችን (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ጥቅል) ያጫውታል፤ ለፒያኖ፣ ለስትሪንግ፣ ለብራስ ብዙ ነጻ ሳውንድፎንት አለ። ይህን ሁሉ ለቅሞ መጫን አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ያን ትዕግሥት የሌለው ሰው ኬክዎክ ይሻለዋል።

ኤፍኤል ስቱዲዮስ? ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለሱ ነው።

ለቢት ሠሪ ምርጥ ነው። ፒያኖ ሮሉን፣ ማለትም የሚዲ ኖታ የሚደረደርበትን ሰሌዳ፣ የሚወዱት በከንቱ አይደለም። ቤልጂየም ውስጥ ያለው ኢሜጅላይን ነው የሚሠራው። አንዴ የገዛ ሰው አዳዲስ እትሞችን ዕድሜ ልኩን በነጻ ያገኛል፤ ይኼ ብርቅ ነው።

ሁለት ወጥመድ ግን አለ። ሙከራው ሁሉንም ያሠራል፣ ሴቭም ያደርጋል፤ ዘግታችሁ ስትመለሱ ግን ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት አይከፍትላችሁም። ሁለተኛ፣ ፍሩቲ የሚባለው ርካሹ እትም የድምፅ ቀረጻ የለውም። ዘፋኝ ከሆናችሁ ፕሮዲውሰር ከሚባለው እትም በታች አትግዙ። አሠራሩም በተደጋጋሚ ፓተርን (አጭር የሙዚቃ ክፍል) ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ የሚዘፈን ነገር ለሚቀዳ ሰው ትንሽ ጠመዝማዛ ነው።

ክራክ ብጭንስ? ሱቅ ውስጥ በፍላሽ ይሰጡኛል።

ብዙ ሰው እንደዚያ እንደጀመረ አውቃለሁ፤ ስብከት አልገባም። የሚያጋጥመውን ግን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጫኙ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ማንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ሶፍትዌሩ አልከፍት ይልና የሦስት ወር ሥራ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ የምትጠይቁት አካል የለም። ነጻው ዝርዝር እንዲህ ረዝሞ ሳለ አደጋው አይመጥነውም።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት ለሌላ ሙዚቃ ስለሆነ ጥቂት ነገር ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

የመጀመሪያው የቅኝት ምርጫ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ፒያኖ ሮሉ ላይ ከቅኝት ውጭ ያሉ ኖታዎችን የሚደብቅ ወይም የሚያርም ነገር አላቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ሜጀርና ማይነር ታገኛላችሁ፤ አምባሰልን በስሙ ለማግኘት አትድከሙ። ሪፐር የራሳችሁን ቅኝት እንድትጽፉለት ይፈቅዳል። በላይቭ ውስጥም ስኬል በሚባለው መሣሪያ የፈለጋችሁትን ኖታ ወደፈለጋችሁት ማዞር ይቻላል። ከዶ ስንነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። አንዴ ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ከዶ ወደ ሬ ወይም ወደ ፋ ማንሳት ቀላል ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ክራርና ማሲንቆ የሚቃኙት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ፒያኖ ቁልፎች መካከል የምትወድቅ ድምፅ ብትኖር ስህተት አይደለም። ሚዲው ግን በፒያኖ ልክ የተቆረጠ ነው። ሁለቱን ስትደራርቡ ጆሮ ይቆረቁራል። መጀመሪያ ክራሩን ቅዱ፣ ከዚያ የሚዲ መሣሪያዎቹን ወደ ክራሩ አምጡ። አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ላይ በሳንቲም የሚለካ ማስተካከያ አለ፤ 100 ሳንቲም አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ሎጂክ 12ቱንም ኖታ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ያደርግላችኋል። ላይቭ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ሌሎች ቅኝቶችን ይቀበላል። ይህ ለእናንተ ዋና ጉዳይ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ብታስቡባቸው ተገቢ ነው፤ ነጻ ግን አይደሉም።

ሦስተኛው የዘፋኙን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የሚጎትተው ማረሚያ ነው። ብዙ የሀገር ቤት ቅጂ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማረሚያው በሜጀር እንደተሞላ ከቀረ የአንቺሆዬን ሬ ፍላት ጎትቶ ሬ ያደርገዋል፤ ዜማው ሌላ ዘፈን ይሆናል። ጋራዥባንድ ላይ በቁልፉ ይወሰን የሚለውን ምልክት አንሱት። ሪፐር ውስጥ ሪቱን የሚባለው አብሮ የሚመጣ ማረሚያ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እንድትመርጡ ያደርጋችኋል። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት። ፈጣን ከሆነ የድምፃዊውን እርግብግቢት ሰንጥቆ ደረጃ ያስመስለዋል።

ችክችካ ስሠራ ከሜትሮኖሙ ጋር እጣላለሁ። ምን ላድርግ?

ሶፍትዌሮቹ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍቱ ብዙውን ጊዜ 4/4 እና 120 ቢፒኤም (በደቂቃ የሚቆጠር ምት) ላይ ናቸው። ችክችካ 6/8 ነው። ሳይቀይሩ የሚጀምሩ ሰዎች ግሪዱ (የምት መስመሮቹ) አልገጥም ሲላቸው እጃቸውን ይወቅሳሉ።

ወደ 6/8 ከቀየራችሁም በኋላ ሌላ ግራ መጋባት አለ። አብዛኞቹ ፍጥነቱን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። እናንተ በእግራችሁ የምትመቱት ግን ሩብ ተኩል ነው። ስለዚህ እግራችሁ በደቂቃ 100 ጊዜ ከመታ ሶፍትዌሩ ላይ የምትጽፉት 150 ነው። በአንድ ተኩል ማባዛት ነው።

ቀጥሎ ኳንታይዝ፣ ኖታዎችን ወደ ግሪዱ የሚያሰልፈው ትእዛዝ። መቶ በመቶ ካደረጋችሁት ከበሮው ማሽን ይሆናል፤ የሚያስጨፍረው ነገር ከውስጡ ይወጣል። ጥንካሬውን 50 ወይም 60 በመቶ ላይ አድርጋችሁ ስሙት። የሚቻል ከሆነ ጭብጨባውን ወይም ከበሮውን በእውነተኛ እጅ ቅዱና የሚዲውን ቤዝ በእሱ ላይ አስቀምጡ።

ቤት ውስጥ አሮጌ ያማሃ ኪቦርድ አለ። ሌላ መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም። ጀርባውን እዩ። እንደ ፕሪንተር ገመድ ያለ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ይሰካል። አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት ብቻ ካለው ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ትገዛላችሁ፤ ውድ አይደለም። ስትሰኩት ገመዱ ላይ «ኢን» የሚለውን ኪቦርዱ ላይ «አውት» ከሚለው ጋር ነው የምታገናኙት። ብዙ ሰው «ኪቦርዱ ሞቷል» የሚለው ይህን ገልብጦ ነው።

አንድ ኖታ ስትነኩ ሁለት ድምፅ ከመጣ ኪቦርዱም ሶፍትዌሩም እየጮኹ ነው። ኪቦርዱ ሜኑ ውስጥ ሎካል የሚለውን አጥፉ።

ሳውንድ ካርድ የግድ ነው?

ለሚዲ ብቻ ከሆነ አይደለም። ሄድፎን ይበቃል። ማይክ ለሚሰካ ሰው ግን ከሶፍትዌሩ በፊት የሚገዛው እሱ ነው። ሁለት መግቢያ ያለው ትንሹ ይበቃል።

ያለ ሳውንድ ካርድ ከምታማርሩት ነገር ዋናው መዘግየት ነው። ቁልፉን ትነካላችሁ፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ይህ የሚወሰነው ባፈር በሚባለው ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንዴ በሚያጠራቅመው የድምፅ ናሙና ብዛት ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ 128 ባፈር ወደ 3 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1024 ደግሞ 23 ግድም። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ሲደመር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስትቀዱ ቁጥሩን አሳንሱት፣ ሚክስ ስታደርጉ አሳድጉት። ዊንዶውስ ላይ ሳውንድ ካርድ የሌለው ሰው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ይጫን፤ ብዙ ጊዜ ያድናል። ሶፍትዌር ቢቀይሩ ግን ይህ ችግር አይለቅም።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ መብራትም ይሄዳል።

4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ድምፅ ይቀዳል። የሚያንቀው ትላልቅ የሚዲ መሣሪያዎችን ሲከምሩበት ነው። የጨረሳችሁትን የሚዲ ትራክ ፍሪዝ በሚለው ወደ ድምፅ ቀይሩት፤ ይቀለዋል። ገንዘብ ካለ ሃርድዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ከምንም በላይ ልዩነት ያመጣል።

ለመብራቱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ሰዓት ወደ ጥቂት ደቂቃ አሳጥሩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ለቀረጻ አይታመንም።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

አይፎን ከሆነ ጋራዥባንድ፤ ከምታስቡት በላይ ይሠራል። አንድሮይድ ከሆነ ባንድላብ ነጻ ነው፣ 16 ትራክ ይሰጣል፣ ኋላ ኮምፒውተር ስታገኙ በብራውዘር ያው ፕሮጀክት ይከፈታል። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አንዳንድ አንድሮይድ ላይ መዘግየቱ ያበሳጫል፤ በብሉቱዝ ሄድፎን ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ባለገመዱን አውጡ።

የማውቀው አቀናባሪ ኩቤዝ ነው የሚጠቀመው። እኔም ያንኑ ልያዝ?

አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያሳያችሁ ከሆነ፣ አዎ። ከማንኛውም የሶፍትዌር ብልጫ ይልቅ «እስቲ ና እየው» የሚባል ሰው ይበልጣል። ኩቤዝም መጥፎ ምርጫ አይደለም። ከ1989 ጀምሮ ያለ የጀርመን ሥራ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበትን የቪኤስቲ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ መሣሪያ) አሠራር ያመጣውም ሠሪው ስታይንበርግ ነው። ኤለመንትስ የሚባለው ትንሹ እትም ለጀማሪ በቂ ነው።

ሰውየው ሥራችሁን ተቀብሎ ብቻ የሚጨርስላችሁ ከሆነ ግን አንድ ዓይነት ሶፍትዌር መያዝ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪና ዋሽንግተን ያለች ድምፃዊት በየራሳቸው ሶፍትዌር አንድ ዘፈን መሥራት ይችላሉ። የሚላከው የፕሮጀክቱ ፋይል አይደለም። እያንዳንዱ ትራክ ለየብቻ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይወጣል፤ ሁሉም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ይነሳሉ፣ ዝምታም ቢሆን። ዘፈኑ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የሚገባ ዋሽንት ቢኖረው እንኳ ፋይሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ አለዚያ ተቀባዩ የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ከዚያ የሚዲ ፋይሉን፣ ቢፒኤሙን፣ ቅኝቱንና 44.1 ወይም 48 ኪሎኸርዝ መሆኑን በጽሑፍ ጨምሩ። በኤምፒ3 አትላኩ። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ደግሞ በፍጹም አትላኩ፤ እንደ ፋይል አያይዙት።